ለሦስት ቀን የታዘዘ፣ ለሦስት ዓመት የተዋጠ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የቀረበላችሁ ከቡናው ጋር፣ ታክሲ ላይ ያላችሁ ደግሞ «ሴቭ» አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ እናቴን ጉልበቷን ማመም ከጀመራት አራት ዓመት አለፋት። ማስታገሻ ካልወሰደች ገበያ መውጣት አትችልም። አንዷ ጎረቤት ‹ኩላሊትሽን ይጨርሰዋል› ትላታለች፤ ሌላዋ ደግሞ ‹እኔ ስንት ዓመቴ፣ ምን ሆንኩ?› ትላታለች። ማንን እንመን?»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። እናቱን ሐኪም ዘንድ እንዲወስዳት፣ የምትውጠውንም ክኒን ከነማሸጊያው ይዞ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። ጥያቄው ግን ከአንድ ቤት ያልፋል። ጫጫን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዕድሜ ልኩን ያረሰ፣ ውሃ የቀዳ፣ ኩበት የተሸከመ ሰው ሃምሳን ሲሻገር ወገቡን ወይ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሳው። ሥራ መፍታት ደግሞ አይችልም፤ ስለዚህ ክኒኑን ውጦ ይወጣል። «ዳይክሎ» ወይም ኢቡፕሮፌን፣ አለዚያም ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አድቪል የማይገኝበት ቤት ስንት ነው?

እናም ለልጁ የሰጠሁትን ሁለተኛውን መልስ፣ የታሪኩን መልስ፣ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ሁለቱም ጎረቤቶች ከፊል እውነት ይዘዋል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር ጊዜን ነው። በማስታገሻ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ ጥፋቶች የደረሱት ለቀናት የተፈተነ መድኃኒት ለዓመታትም እንዲሁ ይሆናል ተብሎ ሲገመት ነው። ይህን ግምት ተራው ሰው ብቻ አይደለም የገመተው፤ ሐኪሞችም፣ ኩባንያዎችም፣ መንግሥታትም ገምተውታል። እስኪ አንድ በአንድ እንየው።

1. ከአንጎለላ እንነሳ

ሩቅ አንሂድ። የወረዳችን ስም መነሻ የሆነችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች፤ አፄ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ሸዋ ሲመጣ ሐኪም አስከትሎ ነበር። ሃሪስ አገሩ ተመልሶ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ የአውሮፓ መድኃኒት በቤተ መንግሥቱ ተፈላጊ እንደነበረ ይነግረናል። አስቡት እንግዲህ፤ በዚያ ጊዜ አስፕሪን የለም፣ ፓራሲታሞልም የለም። አውሮፓዊ ሐኪም ለከባድ ሕመም የነበረው ብርቱ መድኃኒት ከኦፒየም የሚወጣው ነበር።

የእኛ ሰውስ ለቁርጥማት ምን ያደርግ ነበር? ዋገምት ያስደርጋል፣ ይተኮሳል፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ ፍል ውሃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እኮ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረደ ሰውነቱን ያፍታታበት በነበረው ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ዋና ከተማችን ሕመም ማስታገሻ ፍለጋ የተወለደች ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዘመን መድኃኒት ሁሉ ግን ለዛሬው ርዕሳችን የሚያስተምረን ኮሶ ነው። ኮሶ የሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ለኮሶ ትል ነው የሚጠጣው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣው እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ዕድሜ ልክ እየተመላለሰ የሚወሰድ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። አያቶቻችን ታዲያ ኮሶን እንደ ጠላ አልጠጡትም። መጠን ነበረው፣ ቀንም ነበረው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤቱ ይውላል፤ ሥራም እንግዳም የለም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሰው ሁሉ ይረዳለታል። ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው ይጠነቀቃሉ። መጠኑ ሲያልፍ እንደሚገድል ያውቁ ነበርና። በኋላ ዘመን ሐኪሞችም ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋ መዝግበዋል።

ስለዚህ «እየተደጋገመ የሚወሰድ መድኃኒት ሥርዓት ይፈልጋል» የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የገዛ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ሥርዓቱን የረሳነው ክኒን ሲመጣ ነው። ክኒን አይመርም፣ አያስቀምጥም፣ ሥራ አያስፈታም። እንዲያውም ሥራ ያስወጣል። አደጋው የተደበቀው እዚያ ላይ ነው።

2. ክኒን እንዴት መጣ?

ባጭሩ ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ገደማ፣ ፍሪድሪሽ ሰርተርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የፋርማሲ ሠራተኛ ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ነጥሎ አወጣ። በ1887 ፌናሴቲን የሚባል ማስታገሻ ገበያ ላይ ዋለ (ይህን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን)። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን ባየር በተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ አስፕሪንን ሠራ። ያው ኩባንያ በ1898 አንድ የሳል መድኃኒት ለገበያ አቀረበ፤ ስሙ ሄሮይን ነበር! አዎ፣ ያው የምታውቁት ሄሮይን። ያኔ ከሞርፊን የተሻለና ለሱስ የማያሰጋ መድኃኒት ነው ተብሎ ታምኖበት ነበር።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ዶክተር ሜራብ የተባሉ ጆርጂያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ላይ በአገራቸው ስም የሰየሙትን ፋርማሲ ከፈቱ። በታሪካችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ፋርማሲ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ኢፋርም ተቋቁሞ መድኃኒት በአገር ውስጥ ይመረት ጀመር። ከዋገምት ቀንድ እስከ ክኒን ያለው መንገድ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ የተጓዝነው ነው። ክኒኑን በደንብ ተቀበልነው። ከክኒኑ ጋር መምጣት የነበረበት ጥንቃቄ ግን እኩል አልመጣም።

3. የስዊድኗ ከተማ ዱቄት

አሁን ወደ አንዲት የፋብሪካ ከተማ ልውሰዳችሁ። ሁስክቫርና ትባላለች፤ ስዊድን ውስጥ ናት። ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና ይሠራባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1918 ያ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ገባ፤ እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ማለት ነው። የከተማዋ ሐኪም ዶክተር ዮርቶን ለትኩሳቱና ለሕመሙ የሚሆን ዱቄት ቀመሙ፤ ፌናሴቲን፣ ፌናዞንና ካፌይን የተቀላቀለበት። ዱቄቱ ሠራ፤ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ካፌይኑ ደግሞ ያነቃል። ወረርሽኙ አለፈ፣ ዱቄቱ ግን ከከተማዋ አልወጣም። የፋብሪካው ሠራተኞች ለራስ ምታት፣ ለድካም፣ የሥራውን ጥድፊያ ለመቋቋም ሲሉ በየቀኑ ይወስዱት ጀመር። የልደት ስጦታ ሆኖ እስከመሰጠት ደረሰ። ልክ እኛ ቡና እንደምንጠራራው እነሱ ዱቄት ይጋበዙ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሰዎች በኩላሊት በሽታ መሞት በዙ። እ.ኤ.አ. በ1953 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በማስታገሻ ልማድና በኩላሊት ጉዳት መካከል ግንኙነት እንዳለ ጽፈው ነበር። በ1963 ደግሞ ግሪምሉንድ የተባለ ሐኪም የዚህችኑ የስዊድን ፋብሪካ ሠራተኞች አጥንቶ ውጤቱን አሳተመ፤ ብዙ ዱቄት ለረጅም ዓመት የወሰዱት ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ተገኘ። አውስትራሊያም ውስጥ «ቤክስ» የሚባል ተመሳሳይ ዱቄት የቤት እመቤቶች ከሻይ ጋር ይወስዱት ስለነበር እዚያም ያው ታሪክ ተደገመ። አሜሪካ ፌናሴቲንን ከገበያ ያስወጣችው በ1983 ነው። ቁጥሩን አስሉት፤ ከ1887 እስከ 1983፣ 96 ዓመት!

ተማሪ ሆናችሁ ብትጠይቁኝ «ቲቸር፣ ሐኪሞቹ 96 ዓመት ሙሉ ምን ያዩ ነበር?» ትሉኛላችሁ። መልሱ ቀላል ነው። ጥቅሙ በግማሽ ሰዓት ይታያል፣ ጉዳቱ በአሥርና በሃያ ዓመት ይመጣል። ኩላሊት ደግሞ አይጮህም። አብዛኛው ሥራው እስኪበላሽ ድረስ ዝም ይላል። ዱቄቱን የወሰደው ሰው በመጨረሻ ሲታመም ጣቱን ዱቄቱ ላይ አይቀስርም፤ ዱቄቱ ወዳጁ ነበራ!

ያቺ ጎረቤት «እኔ ስንት ዓመቴ፣ ምን ሆንኩ?» ስትል የሁስክቫርና ሠራተኞችም እንዲሁ ይሉ እንደነበር አስባለሁ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፤ ያስተማርኳችሁ ብዙዎቻችሁ እዚያ ፈረቃ ትገባላችሁ። ቆማችሁ ትውላላችሁ፣ ወገባችሁን ያማችኋል፣ ክኒን በኪስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሁስክቫርናን ያነሳሁት በተለይ ለእናንተ ነው።

4. አምስት ዓረፍተ ነገር

ክፍል ውስጥ «ምንጩን መርምሩ» እያልኩ ሳሰለቻችሁ ትዝ ይላችኋል? ማን ጻፈው? መቼ? ስለ ማን? የሚቀጥለው ታሪክ ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ ወጣ፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ጸሐፊዎቹ ፖርተርና ጂክ ይባላሉ። ሆስፒታል ተኝተው ከሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን ውስጥ ሱስ የያዛቸው ተብለው በአግባቡ የተመዘገቡት አራት ብቻ ናቸው አሉ። ደብዳቤው ውሸት አልነበረም። ግን ስለ ማን ነው የሚናገረው? ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች ነው። ነርስ እየቆጠረች ስለምትሰጣቸው። ቤቱ ሆኖ ለወገብ ሕመም ዓመት ሙሉ ስለሚውጥ ሰው አንድም ቃል የለበትም።

ከዚያ በኋላ ሰው ደብዳቤውን ሳያነብ ይጠቅሰው ጀመር። በ2017 ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ከ600 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አገኙት፤ ከጠቀሱት ውስጥ አብዛኞቹ «ሱስ ብርቅ ነው» ለማለት ነው ያነሱት፤ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውንም አብዛኞቹ አልተናገሩም። በ1996 ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ብርቱ ማስታገሻ ለገበያ ሲያቀርብ መሬቱ ለስልሶ ጠበቀው። ለካንሰር ብቻ ሳይሆን ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለአንገት ሕመም ሁሉ ይታዘዝ ጀመር። ኩባንያው በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አምኗል። በ2021 አንድ ዓመት ውስጥ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ከልክ ባለፈ የመድኃኒትና የአደንዛዥ ዕፅ መጠን ሞቷል፤ አብዛኛው ከዚሁ የኦፒየም ቤተሰብ በሆነ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ዋናው ገዳይ በሕገወጥ መንገድ የሚሸጠው ፌንታኒል ሆኖ ነበር። መንገዱን የጠረገው ግን በሐኪም ወረቀት የታዘዘው ክኒን ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይሄ ነው፦ ይህ ሁሉ የተከፈለው ለተሻለ ማስታገሻ እንኳ አልነበረም። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸውን 240 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ለሁለት ከፍሎ አንድ ዓመት ሙሉ ተከታተላቸው። ግማሾቹ ከኦፒየም ቤተሰብ፣ ግማሾቹ እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉ ተራ ማስታገሻዎች ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ በእንቅስቃሴና በሥራ ልዩነት አልተገኘም፤ በሕመሙ መጠን እንዲያውም ተራውን የወሰዱት ጥቂት ተሽለው ተገኙ። ጥናቱ አንድ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ውጤቱ ሌላ ነበር። ሰውነት ብርቱውን መድኃኒት ይለምደዋል፤ ትናንት አንድ የበቃው ሰው ዛሬ ሁለት ይፈልጋል።

ይህ ለእኛ ምን አገባው? ትራማዶል የዚሁ ቤተሰብ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥም ሊገዛም አይገባውም። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስከትላል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆመው ደግሞ ሰውነቱ ይረበሻል። «ለድካም ጥሩ ነው» ብሎ የሚያቀብላችሁ ጓደኛ ካለ ይህን አንብቡለት።

5. «እኔ መርፌ ነው የምወጋው» ለምትሉ

አሁን ወደ ዋናው የአገራችን ጉዳይ፣ ወደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ወገን እንምጣ። እነዚህ እንዴት እንደሚሠሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት አገኘው፣ በ1982ም ኖቤል ተሸለመበት። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። ቁስል ወይም እብጠት ባለበት ቦታ ሕመሙን የሚያጎሉት እነሱ ናቸው። ክኒኑ ምርታቸውን ያስቆማል፤ ሕመሙ ይበርዳል።

ችግሩ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ሌላ ሥራም አላቸው። የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ ይጠብቃሉ። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ ያግዛሉ። ክኒኑ የጉልበቱን ከጨጓራውና ከኩላሊቱ ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ያስቆማል። ለሦስት ቀን ከሆነ ጤነኛ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ለሦስት ዓመት ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ መርፌውን አስቡት። ብዙ ሰው «ክኒን ጨጓራዬን ይነካዋል፣ መርፌ ይሻለኛል» ይላል። መድኃኒቱ በደም በኩል ሄዶም ያንኑ መከላከያ ያስቆማል፤ ስለዚህ መርፌ ጨጓራን አያተርፍም። የጨጓራ ባክቴሪያ በበዛበት አገር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ያየ ሰው «ነገ እሄዳለሁ» ማለት የለበትም።

ልብም አለ። ቫዮክስ የሚባል ማስታገሻ በ1999 ጨጓራ የማይጎዳ ተብሎ ገበያ ወጣ። በ2004 አምራቹ ራሱ ከዓለም ገበያ ሰበሰበው። ለረጅም ጊዜ በተደረገ ሙከራ የልብ ድካምና ስትሮክ መጨመሩ ታይቶ ነው፤ የሙከራው ልዩነት ጎልቶ የታየው ከ18 ወር በኋላ ነበር። አሥራ ስምንት ወር! በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የዳይክሎፌናክም የልብ አደጋ ለዚህ ወገን የቀረበ መሆኑን ገልጾ፣ ከባድ የልብና የደም ሥር በሽታ ያለበት ሰው እንዳይወስደው አሳሰበ።

ደም ግፊት ያለባችሁ ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው እነዚህን ማስታገሻዎች ሲጨምርበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊቱን ሊጎዱት ይችላሉ። እናቶቻችን ግን የግፊቱን ከጤና ጣቢያ፣ የጉልበቱን ከሱቅ፣ ሌላውን ከዘመድ ሻንጣ ነው የሚያገኙት። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያይ ዓይን የለም። አድቪል ማለት ኢቡፕሮፌን መሆኑን ባለማወቅ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚውጥ አለ።

ፓራሲታሞልስ? ለጨጓራና ለኩላሊት የተሻለ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ጣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ስምንት ፍሬ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበትን ይመታል። ሰውነቱ የደከመ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ከዚህም በታች መውሰድ አለበት፤ ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

6. የሚዛኑ ሌላ ወገን

እስከዚህ አንብባችሁ «እንግዲህ ክኒን ሁሉ መርዝ ነው» ካላችሁ ግማሹን ታሪክ ብቻ ሰምታችኋል። ሕመምም ራሱ ይገድላል፤ ቀስ ብሎ። ጉልበቷን ያመማት እናት ከቤት ካልወጣች ጡንቻዋ ይሟሽሻል፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ግፊቷ ይጨምራል፣ ከዕድርና ከማኅበር ትርቃለች። «ቻይው» ማለትም ዋጋ አለው። የሚከፍለው ደግሞ መካሪው አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው የካንሰር ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን የሞርፊን ወገን ማስታገሻ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። እኛም ያኔ ከእነዚያ አገሮች ነበርን። አሜሪካ በብዛቱ ስትሞት እኛ በእጦቱ እንሰቃያለን። ስለዚህ የአሜሪካን ታሪክ ያነበበ ሰው አልጋ ላይ ላለ የካንሰር ሕመምተኛ «ሞርፊን ሱስ ያስይዝሃል» ብሎ እንዳይከለክል! ለእርሱ የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ያ መድኃኒት ደግሞ የተሠራው በትክክል ለእንዲህ ያለው ስቃይ ነው።

አያችሁ? እዚህም ሚዛኑን የሚወስነው ጊዜ ነው።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ማስታገሻ ደግሞ አንዳንዴ በሽታውን ከራሳችን ይደብቅብናል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ፦

አንድ፦ ይህ ሕመም ስሙ ምንድን ነው? ጉልበት የሚያመው በብዙ ምክንያት ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ሕመም ላይ ዓመት ሙሉ ክኒን መጨመር በጭለማ መተኮስ ነው።

ሁለት፦ ክኒኑ መቼ ነው የሚቆመው? መልስ የሌለው ከሆነ መቼ ተመልሼ ልታይ ብላችሁ ቀን አስቆርጡ። ትንሹ መጠን፣ ለአጭሩ ጊዜ።

ሦስት፦ ሌላ ምን እየወሰድኩ ነው? የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ ከዘመድ የመጣውን፣ የባህል መድኃኒቱንም ሳይቀር አትደብቁ።

አራት፦ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ኩላሊቱን በደም ምርመራ፣ ግፊቱንም በልኬት ይከታተል። ኩላሊት ስለማይጮህ እኛ ነን ሄደን መጠየቅ ያለብን።

አምስት፦ ከክኒን ሌላ ምን አለ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከመከራቸው ነገሮች ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ፣ ስለ ሕመሙ ትምህርትና መታሸት ይገኙባቸዋል። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉትንም ከአማራጮቹ ውስጥ አስገብቷል፤ የኦፒየሙን ቤተሰብ ግን አይመክርም። መታሸት ሲባል የአያቶቻችን ወጌሻና ፍል ውሃ ትዝ አላችሁ? ሁሉም ነገራቸው ልክ ነበር አልልም፤ በጋለ ብረት መተኮሱን ማንም እንዲመልሰው አልፈልግም። ሙቀቱን፣ እሽታውንና ሰውነትን ማፍታታቱን ግን በነፃ ጥለናቸዋል።

እና አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን አንብባችሁ ለወራት ስትወስዱት የቆያችሁትን መድኃኒት ዛሬ ማታ እንዳትጥሉ። በተለይ ትራማዶልና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ድንገት ሲቆሙ ራሳቸው ችግር ያመጣሉ። ማቆሙም በሐኪም ነው።

ለዚያ ተማሪዬ እናት የሚበቃው መልስ ምናልባት ይሄ ነው፦ ክኒኑ ጠላትሽ አይደለም፣ ዘመድሽም አይደለም። የቀን ሠራተኛ ነው። ሥራ ሲኖር ይጠራል፣ ሲያልቅ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤት ውስጥ አልጋ ከተነጠፈለት ግን ሂሳቡ እየተጠራቀመ ነው፤ የሚጠየቀውም በአንድ ቀን ነው።

እናንተስ ቤት እንዴት ነው? ፋርማሲና ነርሲንግ የተማራችሁ ልጆቼ፣ የሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የምትጨምሩትም ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ወላጆቻችሁ ፌስቡክ የማይጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ከዚያ የክኒኑን ማሸጊያ አምጡ በሏቸው። ብዙ ነገር የሚጀምረው ማሸጊያውን ከማንበብ ነው።

ሰላም እደሩ።